ምዕራፍ ሦስት፦ ሰማይ ሲጠራ ለምን ይበርዳል?

በታኅሣሥ ወር ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ሰፈር ታክሲ ለመያዝ የወጣ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ሚኒባሶቹ ሌሊቱን ውጭ አድረዋል። ረዳቱ በአንድ እጁ ጋቢውን አንገቱ ሥር ሰብስቦ ይዞ፣ በሌላው በቡትቶ ጨርቅ የፊት መስታወቱን ይጠርጋል። ጤዛው ብዙ ነው፤ ይጠርገዋል፣ መስታወቱ መልሶ ያልበዋል። የጎን መስታወቶቹ ግን ይህን ያህል አልረጠቡም። ትንሽ አለፍ ብላ ከዛፍ ሥር ያደረችው መኪና ደግሞ ደርቃ ነው የተገኘችው። ሁሉም ያደሩት በአንድ ሰፈር፣ በአንድ አየር ውስጥ ነው። የለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌሊቱን ምን ያህል ሰማይ ፊት ለፊት አይተው እንዳደሩ።

የሌሊት ዘበኞችም ይህን ያውቁታል። ነፋስ ባይኖር እንኳን ሜዳ ላይ አይቀመጡም፤ ከታዛ ሥር ይጠጋሉ። ታዛው ግድግዳ የለውም፣ አየሩ ከውጭው አየር አይለይም፤ ግን ከላይ ሰማዩን ይከልላል። አየር ጤና ባለበት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ቁር የሚመጣው ከጎን ብቻ አይደለም፤ ከላይም ነው ቢባል ያስኬዳል። በዚህ ምዕራፍ የማሳየው ግን ቁሩ የሚመጣ ነገር አለመሆኑን ነው። የእኛ ሙቀት ነው ወደ ላይ የሚሄደው፤ በልዋጩም ከሰማይ ወደ እኛ የሚመለስ ሙቀት አለ፤ ሰማዩ ሲጠራ ይህ ተመላሽ ይቀንሳል። የሚመልሱት ደግሞ ጥቂት የጋዝ ዓይነቶች ናቸው።

አስቀድሞ እንቆቅልሹን በቁጥር እንያዘው። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ቀኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ ፊቷን ሳታሳይ ትውላለች፣ ከፍተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። በታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ነው፤ 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል። ቀን ይበልጥ የሞቀ መሬት ሌሊትም ሞቅ ብሎ ቢያድር ደንብ ነበር። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የክረምቱ ሌሊት በ10 እና 11 ዲግሪ አካባቢ ሲያድር የታኅሣሡ ወደ 7 እና 8 ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከዚያም ዘልቆ ይወርድና ሜዳው አመዳይ ለብሶ ይነጋል። «ሰማዩ ጠርቷል፣ ዛሬ ሌሊት ብርድ ነው» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሙቀት ሳይነካን የሚደርስበትን መንገድ ሁላችንም ከምድጃ ዳር ተምረነዋል። የተያያዘ ከሰል ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጉንጩና መዳፉ ይሞቃል፤ ጀርባው እንደበረደው ነው። አንድ ልጅ በመሃል ሲቆም ሙቀቱ በዚያው ቅጽበት ይቋረጣል፤ «እሳቱን አትጋርደኝ!» እንለዋለን። በዚህች አጭር አነጋገር ውስጥ ትልቅ ፊዚክስ አለ። ሙቀቱን ያደረሰልን አየሩ ቢሆን ኖሮ ልጁ ስለቆመ ብቻ ወዲያው አይቋረጥም ነበር፤ በዙሪያችን ያለው አየር የትም አልሄደምና። የተጋረደው ብርሃን ነው። ዓይናችን የማያየው፣ ቆዳችን ግን የሚያውቀው ብርሃን። ኢንፍራሬድ ይባላል፤ በአማርኛ ታህተ ቀይ ጨረር የሚሉት አሉ፣ ከቀይ በታች ያለ ማለት ነው። ዊልያም ሄርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም አለፍ ብሎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ላይ ቴርሞሜትር ቢያኖር ሙቀቱ ጨምሮ አገኘው። እንዲህ ነው የታወቀው።

ይህን ብርሃን ለመስጠት መቅላት አያስፈልግም። እንጀራ ተጋግሮበት ያበቃ ምጣድ ጥቁር ነው፤ መዳፋችንን በጎኑ ራቅ አድርገን ብንይዝ ግን ይሞቀናል። ግድግዳውም፣ አፈሩም፣ የእኛም ፊት እንዲሁ ያበራል። በረዶ እንኳን ያበራል፣ በትንሹ። የፀሐይ ብርሃን ኃይለኛ የሚሆንበት የሞገድ ርዝመት ግማሽ ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ በ10 ዲግሪ ሙቀት ያለ መሬት የሚያበራው ደግሞ በ10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው፣ የፀጉር ውፍረት አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። መጠኑ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ10 ዲግሪ ያለ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ወደ 360 ዋት ገደማ ያበራል፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ ያለማቋረጥ። በዚህ ሂሳብ መሬቱ ምንም ተመላሽ ባያገኝ ኖሮ ከመንጋቱ በፊት ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

ተመላሹን በመሣሪያ ማየት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ሲገባ በየባንኩና በየሱፐርማርኬቱ በር ግንባራችን ላይ የሚደገነውን ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር አንረሳውም። ጨረር ይለቅብናል ብለው የሰጉ ነበሩ። ነገሩ ግልባጭ ነው፦ ጨረሩን የምንለቀው እኛ ነን፤ መሣሪያው ይቀበላል እንጂ ወደ ሰውነታችን የሚልከው ሙቀት የለም። የሕክምናው ዓይነት ለሰው ሙቀት ብቻ የተስተካከለ ነው፤ ለጋራዥና ለፋብሪካ ሥራ የሚሸጠው ግን ከዜሮ በታችም ያነባል። እሱን ይዛችሁ በታኅሣሥ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ ቁሙ። መሬቱ ላይ ብትደግኑት የመሬቱን ሙቀት ይነግራችኋል። ወደ ጠራው ሰማይ ብታነሱት ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ዳመና ወደሸፈነው የሐምሌ ሰማይ ብታነሱት ደግሞ ከአየሩ ሙቀት ብዙም የማይርቅ ቁጥር ታገኛላችሁ። ለዚያ መሣሪያ የሐምሌ ሰማይ ሞቅ ያለ ጣሪያ ነው፤ የታኅሣሥ ሰማይ የተከፈተ በር ነው። ግን ልብ በሉ፦ በሩ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም። ከከዋክብት ባሻገር ያለው ሕዋ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው፤ መሣሪያችን ከዚያ ቁጥር አጠገብ እንኳን አይደርስም። በመሃል የሚያበራ ነገር አለ። አየሩ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ደረቅ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ 1 በመቶ የማይሞላው አርጎን ነው። በእነዚህ ሦስቱ መቶው ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሦስቱም ግን ለመሬት ሙቀት ጨረር የሉም ማለት ይቻላል፤ አይውጡትም፣ አይሰጡትም። ሥራውን የሚሠሩት በመጠን ኢምንት የሆኑት ናቸው፦ የውሃ ተን፣ ከ10,000 የአየር ሞለኪውሎች 4 ብቻ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከአንድ ሚሊዮኑ 2 የማይሞላው ሚቴን፣ ኦዞንና ሌሎችም።

ምክንያቱ ያለው በሞለኪውሎቹ ቅርጽ ላይ ነው። ብርሃን የሚወዛወዝ ኤሌክትሪካዊ ኃይል ነው፤ አንድን ሞለኪውል ለማወዛወዝ የሚይዘው እጀታ ያስፈልገዋል፣ አንዱ ጎን ትንሽ ፖዘቲቭ ሌላው ትንሽ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ናይትሮጅን ሁለት ፍጹም እኩል አተሞች የተያያዙበት ነው። ቢለጠጥም ቢኮማተርም አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር የለም፤ ብርሃኑ የሚይዘው አጥቶ ያልፋል። ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሦስት አተም አለው፦ መሃል ላይ ካርቦን፣ ግራና ቀኝ ኦክስጅን፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር። ኦክስጅኖቹ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ጎንና ጎኑ ኔጌቲቭ፣ መሃሉ ፖዘቲቭ ይሆናል። አሁን እስክስታ የሚመታ ሰው አስቡ። ሁለቱ ትከሻዎች ወደ ታች ሲወርዱ አንገት ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ትከሻ ሲነሳ አንገት ይሰምጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ዋነኛው ንዝረት ይህ ነው። መሃሉ ወደ አንድ ወገን፣ ጎኖቹ ወደ ሌላው፤ በሰከንድ 20 ትሪሊዮን ጊዜ። በእያንዳንዱ ምት ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይለያያሉ፣ ብርሃኑ እጀታውን ያገኛል። በዚህ ፍጥነት የሚወዛወዘው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 15 ማይክሮ ሜትር ነው፤ መሬት በብዛት ከምታበራው ክልል ውስጥ የሚወድቅ።

ክራር የሚያውቅ ሰው ሁለተኛውን ነጥብ በቀላሉ ይቀበለዋል። በአንድ ድምፅ የተቃኙ ሁለት ክሮች አንዱ ሲመታ ሌላው ሳይነኩት ይርገበገባል፤ በሌላ የተቃኘው ግን ዝም ይላል። ጋዞችም በየራሳቸው የተቃኙ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 15 ማይክሮ ሜትርን ይሰማል። ሚቴን፣ አንድ ካርቦን በአራት ሃይድሮጅን የተከበበበት፣ 7.7ን። ኦዞን 9.6ን። የውሃ ሞለኪውል ከተፈጥሮው ጎባጣ ስለሆነና እጀታው ሁልጊዜም ስላለ በመንዘሩ ብቻ ሳይሆን በመሽከርከሩም ጨረር ይውጣል፤ ስለዚህ ከሁሉም ሰፊውን ክልል የሚሸፍነው እሱ ነው። ከ8 እስከ 13 ማይክሮ ሜትር ገደማ ግን ከኦዞን በስተቀር የሚሰማ ጋዝ እምብዛም የለም። ሳይንቲስቶች ይህንን ክፍተት መስኮት ይሉታል። የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀታችን የሚያመልጠው በዚህ መስኮት ነው።

የጋዞችን ሙቀት መዋጥ መጀመሪያ ከነኩት አንዷ አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት ናት። እ.ኤ.አ. በ1856 በመስታወት ቱቦዎች ልዩ ልዩ ጋዝ ሞልታ ፀሐይ ላይ አኖረቻቸው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ይበልጥ ሞቀ፣ ለመቀዝቀዝም ዘገየ። ጨረሮቹን ግን ለይታ አልለካችም። ያንን ያደረገው ጆን ቲንደል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ለንደን ውስጥ፣ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ረጅም ቱቦ በጋዝ ሞልቶ በአንድ ጫፍ የሙቀት ምንጭ፣ በሌላው ጫፍ ስስ መለኪያ አኖረ። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ሙቀቱን ሳይነኩት አሳለፉት። የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከለከሉት። ሽቶ የነካው አየር እንኳን ከንጹሑ አየር ብዙ እጥፍ ይውጥ ነበር። እኔ በቲንደል ሥራ ከሁሉም የምወደው ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው፦ ጋዞቹን ራሳቸውን አሙቆ ማን እንደሚያበራ ተመለከተ። ብዙ የሚውጠው ብዙ ያበራል፤ የማይውጠው ሲሞቅም አያበራም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ሁለተኛው ግማሽ ነው። እነዚህን ጋዞች በአማርኛ «ሙቀት አማቂ» ብለናቸዋል። ማመቅ ጤፍን በጆንያ ጠቅጥቆ አፉን እንደመስፋት ያለ ነገር ነው። ቃሉ ገብቷል፣ ይኑር፤ ግን የሚሰጠው ሥዕል ልክ አይደለም። የታመቀ ነገር አይወጣም። እነዚህ ጋዞች ግን የሚያስቀሩት ነገር የለም፤ በየሰዓቱ፣ በየሌሊቱ ያበራሉ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም።

ሂደቱን ቀረብ ብለን እንየው። ከአንድ የኮልፌ ግቢ መሬት የተነሳ የ15 ማይክሮ ሜትር ብርሃን ሩቅ አይሄድም፤ መቶ ሜትር ሳይጓዝ አብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዋጣል። የዋጠችው ሞለኪውል መንዘር ትጀምራለች። ያንኑ ብርሃን መልሳ ለመልቀቅ ብቻዋን ብትተው ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ያስፈልጋት ነበር። ብቻዋን ግን አይደለችም። በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ጋር ትጋጫለች፤ ማብራት ከመቻሏ ከብዙ ጊዜ በፊት ንዝረቷን በግጭት ለጎረቤቶቿ ታስረክባለች። ጎረቤቶቿ በፍጥነት መሮጥ ይጀምራሉ፤ አየሩ ሞቀ ማለት ይህ ነው። ተቃራኒውም ይሆናል፦ በፍጥነት የመጣ ናይትሮጅን ሲገጫት አንዲት ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መንዘር ትጀምራለች፣ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ታድለው ብርሃን ይለቃሉ። ስለዚህ የሚወጣው ብርሃን የገባው ብርሃን ነጸብራቅ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው የአየሩ የራሱ ሙቀት ነው። ዲዳው ናይትሮጅን ማብራት ባይችልም ሙቀቱን በእነዚህ ጥቂት ሞለኪውሎች አንደበት ያወጣል።

በመላው ዓለም አማካይ ሲሰላ ሰማይ ወደ መሬት የሚያበራው በካሬ ሜትር 340 ዋት ገደማ ነው። ቀንና ሌሊት፣ ምድር ወገብና ዋልታ ተደምሮ መሬት የምትውጠው የፀሐይ ብርሃን ደግሞ 160 ዋት ገደማ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። መሬት ከፀሐይ ከምትቀበለው ከራሷ አየር የምትቀበለው ሁለት እጥፍ ነው። ያ ብርሃን ባይኖር የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 18 በሆነ ነበር።

አሁን ወደ አየር ጤና እንመለስ። ሰፈሩ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከጠቅላላው አየር ሩብ ያህሉ ከእግራችን በታች ቀርቷል። የውሃ ተን ደግሞ ከሌላው አየር ይልቅ ወደ ቆላው የወረደ ነው፤ ከዓለሙ ተን ግማሽ ያህሉ ከባሕር ወለል እስከ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው ክፍል ይገኛል። ከኅዳር ጀምሮ የበጋው ደረቅ አየር ሲነግሥ ከላያችን ያለው ተን ይብስ ይሳሳል። መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል። ዳመና ሲኖር ግን የውሃ ጠብታዎቹ እንደ ጋዝ ቅኝት አይመርጡም፤ መስኮቱን ጨምሮ ሁሉንም ሞገድ ይውጣሉ፣ በሁሉም ያበራሉ። የሐምሌ ሌሊት ሞቅ ብሎ የሚያድረው ለዚህ ነው። የሚኒባሱ የፊት መስታወት ወደ ላይ ያጋደለ ነውና ለሰማይ ያበራል፣ ያነሰ ይመለስለታል፣ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል። የጎኑ መስታወት የሚያየው አጥርና ግድግዳ ነው። ከዛፍ ሥር ያለችው መኪና ደግሞ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራላት አድሯል።

በኅዳር 12 ማታ ይህንኑ በጭስ እናየዋለን። በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ኅዳር ሲታጠን ከየደጃፉ የሚነሳው ጭስ ቤቶቹን ትንሽ አልፎ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ያድራል። ወደ ላይ የማይዘልቀው መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ አብርቶ ከእሱ ጋር የተጠጋውን አየር ስላቀዘቀዘ ነው። ቀዝቃዛው ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና አይነሳም። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ክዳኑ ይሰበርና ጭሱ ይበተናል።

በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ ይህ ፊዚክስ ሌላ ገጽ አለው። ረጲ አካባቢ ያለው ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በላዩ ላይ ብዙ ሰዎች ለቅመው ኖረውበታል፣ በሥሩ ቤት ሠርተዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ ቆሼ ስጽፍ ይህን አልፌ ስለ ጋዝ ብቻ ማውራት አይሆንልኝም። ጋዙም ቢሆን ከዚያው ክምር ነው የሚወጣው። ጥልቀቱ ውስጥ ኦክስጅን በማይደርስበት ቦታ ረቂቅ ተሕዋስያን የአትክልቱን ልጣጭና የተረፈ ምግቡን ሲያበሰብሱ ገሚሱ ሚቴን፣ ገሚሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። አየር ባገኘ ቦታ ግን የሚወጣው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአደጋው በኋላ በቆሼ የተሞከረው የፉኩኦካ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳ ባላቸው ቧንቧዎች ፍሳሹን ያወጣል፣ አየርን ወደ ክምሩ ያስገባል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫም ቆሻሻውን ሲያቃጥል ካርቦኑ በሚቴን መልክ እንዳይወጣ ያደርጋል።

አንዱን አማቂ ጋዝ በሌላው መተካት ምን ይጠቅማል? መልሱ ቅኝቱ ላይ ነው። በ15 ማይክሮ ሜትር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቷል፤ አዲስ የመጣው ሞለኪውል የሚያገኘው ብርሃን አብዛኛው በሌሎች የተቀደመ ነው። ሚቴን ግን ጥቂት ነው፣ ቅኝቱም በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ሞለኪውል ያልተነካ ብርሃን ያገኛል። ለዚህ ነው አንድ ኪሎ ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ የሚያሞቀው።

ታዲያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሞላ ተጨማሪው ጉዳት የለውም ማለት ነው? አይደለም። ወሳኙ ከመሬት የወጣው ብርሃን የት እንደተዋጠ ሳይሆን ወደ ሕዋ የሚያመልጠው ብርሃን ከየት ከፍታ እንደሚነሳ ነው። ጋዙ ሲጨምር፣ በተለይ ከ15 ማይክሮ ሜትር ግራና ቀኝ ባሉት ሞገዶች፣ ያ ከፍታ ወደ ላይ ይገፋል። ከኮልፌ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው እንደሚያውቀው ከፍታ ሲጨምር ይበርዳል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ በትንሹ ያበራል። ምድር የምትሰጠው ከምትቀበለው ያንሳል፣ እስኪተካከል ድረስ ከሥር ትሞቃለች። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከሚሊዮኑ 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከቆሼ የወጣች አንዲት የሚቴን ሞለኪውል በአየር ጤና ሚኒባሶች ላይ አልፋ ትሄዳለች። በአየር ላይ የምትቆየው በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ነው። በነዚያ ዓመታት በ7.7 ማይክሮ ሜትር የመሬትን ብርሃን ስትውጥ፣ ሲገጯትም ስታበራ ትከርማለች። በመጨረሻ ኦኤች የሚባል የሞለኪውል ስባሪ ያገኛትና ሃይድሮጅኗን መንጠቅ ይጀምራል። የሚቀረው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቅኝቱ 15 ማይክሮ ሜትር ነው።